በአያቴ መሬት ላይ የቆፈርነው ጉድጓድ

በዚያ ቀን ጉድጓዱ አጠገብ የነበርነውን ሁሉ አስቀድሜ ልጻፍ። እናቴ ወይዘሮ በላይነሽ። አካፋውን ተሸክመው የመጡት ጋሽ ተሰማ፣ ከጸሎት ወገኖቻችን አንዱ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከድር። የከድር እናት አደ ሻሹ፤ «አደ» በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ነው። ለአረም የወጡ ሃያ የሚሆኑ ገበሬዎች፤ የብዙዎቹን ስም ያኔም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። እኔ አስካለ። በክንዴ ላይ ደግሞ የሰባት ወር ልጄ ምሕረት። ባለቤቴ ግርማ አልነበረም፤ አሰላ ቀበሌ ታስሮ ነበር። እናቴም፣ ጋሽ ተሰማም፣ አደ ሻሹም ዛሬ የሉም። ስለ ከድር ግን ምንም አላውቅም። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ፈሪ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። በር ቆልፌ ተመልሼ የምፈትሽ፣ ልጅ ስታስል ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጥፌ የማዳምጥ፣ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ የምኖር ሴት ነበርኩ። እንዲህ ያለች ሴት ጴንጤ መሆኗ ለራሴም ይገርመኛል። ግርማ አናጺ ነው። የሰው ቤት በር ሲሠራ ከባለቤቱ ወንጌል ሰማ፤ እኔም ተከተልኩት። መጀመሪያ የተከተልኩት እሱን ነው። ጌታን ያገኘሁት ቆይቶ ነው።

እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች። አባቷ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች የአንዱ ልጅ ነው። ከአሰላ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ርቆ፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር ሰፊ መሬት ነበረው፤ የአርሲ ኦሮሞዎች ጭሰኞቹ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እዚያ ስለምከርም ኦሮምኛ የለመድኩት ከጭሰኞቹ ልጆች ነው። የመሬት አዋጁ ወጥቶ ቦታው ለገበሬ ማኅበሩ ሲሰጥ አያቴ ሞቶ ነበር። እናቴ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ደስም አላለኝም። መሬቱ የማን ነበር ብዬ አስቤ አላውቅም።

በዚያ ዘመን ስብሰባ የሚከፈተው በመፈክር ነው። ሁሉም ተነሥቶ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ያነሣና «አብዮት ከሁሉም በላይ!» ይላል። የእኛ ሰዎች ሌላውን መፈክር ይሉ ነበር። ይህን ግን አይሉም፤ ከሁሉም በላይ የሚባለው እግዚአብሔር ነው ይላሉ። ቀበሌው ይህን የእምነት ነገር ነው ብሎ አልተቀበለም። «የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪዎች» አለን። ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ፀረ ማርያም» አሉን። ግርማና ሌሎች አራት ወንድሞች በሰኔ ታሰሩ። እኔ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «ሕፃኗ ታማብኛለች» እያልኩ እቀር ነበር። አልታመመችም ነበር። መፈክሩን ላለማለትም፣ አልልም ላለማለትም ያገኘሁት መንገድ ይህ ነበር።

በነሐሴ እውነት ታመመች።

ሳል ነው የጀመራት። ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝን ሽሮፕ በሻይ ማንኪያ እየለካሁ በሰዓቱ ሰጠኋት፤ አንድም ጊዜ አላሳለፍኩም። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ትንፋሿ ቆመ። ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጥፌ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ተነሥቼ ማንኪያውን አጠብኩ። ለምን እንዳጠብኩት አላውቅም።

እናቴ መጥታ ጮኸች። እኔ አልጮህኩም። ደረቷን መትታ መትታ ሲደክማት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቶሎ ተመለሰች። የቀሚሷ ጫፍ ጭቃ ሆኗል።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ክርስትና ተነሥታለች ወይ አሉኝ።»

ጭቃውን ከቀሚሷ ላይ ላራግፍላት ጎንበስ አልኩ።

«በሰማንያ ቀኗ ላስነሣት ብዬሽ ነበር። እግርሽ ላይ ወድቄ ነበር፣ አስካለ።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«አሁን ምን ልበላቸው? ያልተጠመቀች፣ የጴንጤ ልጅ፣ ግቢያችን አትገባም አሉ። ዕድርተኛውም አይመጣም። ድንኳኑንም አይሰጡም።»

ድንኳን አልፈለግኩም። ምሕረትን በነጠላ ጠቅልዬ ታቅፌ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ዘበኛው ያውቀኛል። «ልጅሽ ተሻላት?» አለኝ። ሁልጊዜ ታማለች ስለምል ነው። «ሞተች» አልኩት። ነጠላውን አየና ፊቱን አዞረ። «በጓሮ ዞረሽ በአጥሩ ቀዳዳ አነጋግሪው። ቶሎ በይ፣ አላየሁሽም» አለኝ።

ከቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ በኩል የሚታየኝ የግርማ አንድ ዐይን ብቻ ነበር።

«ግርማ፣ ምሕረት ሞተች።»

 «አሳዪኝ» አለ። ነጠላውን ከፊቷ ገልጬ ወደ ቀዳዳው ከፍ አደረግኋት። እጄ እስኪዝል አየ።

«የት ልትቀብሯት ነው?»

«ቦታ የለም። ቤተ ክርስቲያን እንቢ አለ።»

«መሬት ሁሉ የእግዚአብሔር ነው፣ አስኩ። የትም ይሁን።»

ያን ቃል እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። እውነት ነው። አርሲ ላይ ግን መሬት የሰውም ነው።

ቤት ስመለስ ጋሽ ተሰማ አካፋ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ዘበኛ ናቸው፤ ከወገኖቻችን ያልታሰሩት ወንድ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው ተብለው ተተዉ። ያን ጊዜ እናቴ ተናገረች።

«የአባቴ ቦታ፣ ዝግባው ሥር እንውሰዳት። እዚያ ማን ይከለክለናል?»

ሦስታችንም ልናስበው ሲገባን ያላሰብነው ነገር ነበር። ሳናስብ ተነሣን።

መንገዱ ጭቃ ነው። ካፊያ ነበር። ጋሽ ተሰማ ጮክ ብለው እየጸለዩ ይሄዳሉ፤ «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማናል» እላቸዋለሁ፤ ጥቂት ዝቅ ያደርጉና እንደገና ይጮኻሉ። ጡቴ ወተት ሞልቶ ቀሚሴን አርሶት ነበር። ይህ ሁሉ የሌላ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር። እናቴ «ስጪኝ፣ ልቀበልሽ» ትላለች። አልሰጠኋትም።

ዝግባው እንደነበረ ነው። የአያቴ ቤት ጣሪያው ፈርሶ የማኅበሩ የእህል ማስቀመጫ ሆኗል። ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ከወንዙ ማዶ የማኅበሩን ስንዴ እያረሙ ነበር። ጋሽ ተሰማ ካፖርታቸውን አውልቀው መቆፈር ጀመሩ። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ዝናብ ጠጥቷል፣ አካፋው ላይ ይጣበቃል። ጉድጓዱ ጉልበት ሲደርስ ከማዶ ጩኸት ሰማሁ።

«ኑ! ኑ! ዝግባው ሥር እየቆፈሩ ነው!»

በኦሮምኛ ነው የሚጮኹት። ማጭድና መኮትኮቻ እንደያዙ ወንዙን ተሻግረው ከበቡን። ከፊት ከድር ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት። ጠባሳውን አውቀዋለሁ፤ ልጆች ሆነን ከዚያው ዝግባ ሲወድቅ ነበርኩ።

«አስካለ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ምንድን ነው የምትቆፍሩት?»

«ልጄ ሞታብኝ ነው። ልቅበራት።»

ከኋላው አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጁን አጨበጨበ። «መቃብር! ሰማችሁ? በመቃብር ድንበር ሊተክሉ!»

«አያቷ በጠመንጃ በላን» አለ ሌላው፣ «እሷ ደግሞ በሬሳ መጣች።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚያ አገር የዘመዱ መቃብር ያለበት ሰው የመሬቱ ባለቤት ነው። የመሬት ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ «ማን ነው እዚህ የተቀበረው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያ ክረምት ደግሞ የመሬት ከበርቴዎች ሊመለሱ ነው የሚል ወሬ ነበር። እኛ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ አካፋ ይዘን፣ በአያቴ መሬት፣ በአያቴ ዛፍ ሥር መቃብር እየቆፈርን ነው። እኔም ብሆን ምን አስብ ነበር?

ከድር ሰዎቹን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ጋሽ ተሰማም እንዲሰሙ በአማርኛ ተናገረ።

«ለመሬት ካልመጣችሁ፣ መሬት ላራሹ በሉ።»

«መሬት ላራሹ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

«መልካም። አሁን ደግሞ አብዮት ከሁሉም በላይ። ግራ እጅ ወደ ላይ።»

እናቴ ቀደመችን። «አብዮት ከሁሉም በላይ! አብዮት ከሁሉም በላይ!» እያለቀሰች ትጮኻለች፤ ያነሣችው ግን ቀኝ እጇን ነው።

«እሜቴ፣ በግራ ነው!» አለ አንዱ። «ቀኙ ለእነ ጃንሆይ ነበር!»

ሳቁ። እናቴ ደንግጣ እጇን ቀየረች። ይበልጥ ሳቁ።

ጋሽ ተሰማ አካፋውን መሬት ተከሉ። «እኔ ይህን አልልም። ከሁሉም በላይ እግዚአብሔር ነው።»

«አያችሁ!» አለ ሽማግሌው ገበሬ። «መሬቱ ቆጭቶታል!»

«ኧረ ልጆቼ፣ መሬቱን አርሳችሁ ብሉት። እኔ በዕድሜዬ መሬት ኖሮኝ አያውቅም።»

«መሬቱን ካልፈለግህ ለምን አትልም?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው? አንዱ ነው እንጂ!»

ጋሽ ተሰማ ስለ ሰማይ ይናገራሉ፣ ሰዎቹ ስለ መሬት ይሰማሉ። ሊያስረዷቸው ባሉ ቁጥር ነገሩ ይብሳል።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምሕረት በቀኝ ክንዴ ላይ ናት። ግራ እጄ ባዶ ነው። አነሣሁት። ጨበጥኩት። አፌንም ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም።

«በይ» አለ ከድር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስካለ፣ በይና ይለቅ። እባክሽ።»

ሊረዳኝ ፈልጎ እንደነበረ አውቃለሁ። እጄ ወደ ላይ እንደተነሣ ቆሜያለሁ። ስለ እግዚአብሔር አላሰብኩም፣ ስለ አብዮትም አላሰብኩም። ነጠላው ከምሕረት እግር ላይ ተንሸራቶ ነበር፤ ይበርዳታል እያልኩ ነበር የማስበው።

«እንቢ አለች!» አለ አንዱ። ሁለት ሰዎች አፈሩን በመኮትኮቻ ወደ ጉድጓዱ ይመልሱ ጀመር። እናቴ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ አፈሩ ጭኗ ላይ ይወድቃል። ጋሽ ተሰማን አንዱ በኮሌታቸው ያዛቸው፤ ሌላው ማጭዱን እንደያዘ ተጠጋቸው። ግራ እጄን አወረድኩና እግሯን ሸፈንኩ።

አደ ሻሹ የመጡት ያን ጊዜ ነው።

የከድር እናት ናቸው። ባላቸው የአያቴ ጭሰኛ ነበር፤ በልጅነቴ ወተት የሚያጠጡኝ እሳቸው ነበሩ። አርጅተዋል። በእጃቸው ሲንቄ ይዘዋል። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ባለ ሲንቄ ሴት በተጣሉ ሰዎች መካከል ከቆመች አልፏት የሚማታ ወንድ የለም። በእኛ የጸሎት ቤት ግን ይህ ባዕድ አምልኮ ነው ተብሎ ተምረን ነበር።

እሳቸው መጥተው በጋሽ ተሰማና በማጭዱ መካከል ቆሙ። የጋሽ ተሰማን ኮሌታ የያዘው ሰው ለቀቀ። አፈር የሚመልሱትም ቆሙ። 

ወደ እኔ መጡና ነጠላውን ገለጡ። «ስንት ወሯ ነው፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ሰባት።»

መልሰው ሸፈኗት። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ወደ ተቀመጠችው እናቴ ዞሩ።

«በላይነሽ፣ የመጀመሪያ ልጄ የሞተ ዕለት ታስታውሻለሽ? አባትሽ ውድማ ላይ ነበር። ባሌ ልቅበር ብሎ ለመነው። ደመና መጥቷል፣ መጀመሪያ ገብሱ ይግባ አለው። ልጄ ውድማው ዳር ቁርበት ለብሶ ዋለ። ዝንብ ሳባርር ዋልኩ።»

እናቴ አላየቻቸውም። አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ልጅ ነበረች፤ ውድማው ላይ እንደነበረችና እንዳየች የነገረችኝ ልትሞት ስትል ነው።

አደ ሻሹ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ከድር፣ አንተ የእኔ ልጅ ነህ ወይስ የዚያ ሰውዬ?»

ከድር ግንባሩ ላይ የወረደውን የካፊያ ውሃ በእጅጌው ጠረገ። 

«አዮ፣» አላቸው እናቱን፣ «እኔ ሕፃን መቅበር አልጠላም። ነገ ግን መቃብራችን ነው፣ መሬታችን ነው ካሉስ?»

«በሣር እንጨርሰዋለን።» ጎንበስ ብለው፣ በእነሱ ዘንድ ቃል የሚጸናበትን እርጥብ ሣር ነጩና ወደ እኔ ዘረጉ። «ያዢ። በሁሉ ፊት ተናገሪ። መሬቱ የእናንተ ነው በይ። ልጄ እንግዳ ሆና ትተኛለች በይ። ድንጋይ አይቆምም፣ መስቀል አይተከልም፣ አጥር አይታጠርም።»

«አስካለ!» አሉ ጋሽ ተሰማ። ኮሌታቸው ተቀዷል። «አትያዢ! ባዕድ አምልኮ ነው! እዚህ ደርሰሽ እንዳትወድቂ!»

ሣሩን አየሁት። ጫፉ ላይ ውሃ ነበረበት። ግራ እጄን ዘረጋሁና ያዝኩት።

«ለፍቲ ኩን ከን ኬሰኒ» አልኩ። ይህ መሬት የእናንተ ነው ማለት ነው። አሁን ድምፄ ወጣ። «ልጄ እንግዳ ናት።»

ሽማግሌው ገበሬ መኮትኮቻውን ትከሻው ላይ አደረገ። «ሣር ከያዘች በቃ» አለ። ሌሎቹም «በቃ» አሉ።

ከድር ከዝግባው ሥር እንዳይሆን ጠየቀ፤ ዛፉ የአያቴ ምልክት ነውና። እሺ አልኩ። ጀርባውን ለዝግባው ሰጥቶ ወደ ወንዙ እየቆጠረ ተራመደ። አካፋውን ከጋሽ ተሰማ ተቀብሎ ራሱ ቆፈረ። ጋሽ ተሰማ ጸለዩ። እናቴ አማተበች። አደ ሻሹ መዳፋቸውን ዘርግተው በራሳቸው መንገድ ለመኑ። እኔ ምንም አላደረግኩም። አፈሩ ሲመለስ ከድር በጎኔ ቆሞ «ከዝግባው አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ወደ ወንዙ፣ በእኔ እግር። አትርሺ» አለኝ። አልረሳሁም። አሰላ ስንደርስ ሣሩ አሁንም በእጄ ውስጥ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ጋሽ ተሰማ ለወገኖቻችን መሰከሩ፤ «እህታችን የሞተ ልጇን ታቅፋ በጠላት ፊት መፈክሩን አልልም አለች» አሉ። ሰዎች መጥተው ሳሙኝ። ስለ ሣሩ ደግሞ ገሠጹኝ፤ ንስሐ ግቢ አሉኝ፣ ገባሁ። ሁለቱንም ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ሁለቱም ትክክል አልነበሩም። መፈክሩን እንቢ አላልኩም፤ እጄን አንሥቼ ነበር፤ ድምፄ ጠፍቶ ነው። ቢወጣልኝ ኖሮ እል እንደነበር ወይም እንዳልነበር አላውቅም። ሣሩን ግን አውቄ ነው የያዝኩት። በዚያ ቀን በልቤ ፈቅጄ ያደረግኩት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ግርማ በዓመቱ ሲፈታ ነገርኩት።

«ሣሩን ያዝሽ?» አለኝ።

«ያዝኩ።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «እኔም እይዝ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲያ አላነሣነውም።

እምነታችንን ሰው ሳይረዳው ሲቀር በጣም ይከፋን ነበር። እኛም አደ ሻሹን አልተረዳናቸውም። ጣዖት ያልነው በትር ሰው እንዳይገደል መካከል ቆመ። ገበሬዎቹም ቢሆኑ እኛን ሊጠሉን ቸኩለው አይደለም፤ ከእኛ ቤት የመጣ ሰው የሚለው ሁሉ መሬትን እንደሚነካ አያቴ አስተምሯቸው ነበር። በጸሎት ቤታችን በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን እያልን እንዘምራለን። ኃጢአቴን ስናዘዝ ውድማው ዳር ስለዋለው ሕፃን አንድም ቀን ተናዝዤ አላውቅም ነበር፤ ስላልሰማሁ ነው፣ ስላልጠየቅኩም ነው። አሁን ስጸልይ እሱንም አነሣለሁ። ስሙን ግን አደ ሻሹን አልጠየቅኳቸውም።

ከድር ተከሰሰ። በኅዳር ገበያ ላይ አንዲት ቅቤ ሻጭ ነገረችኝ። «የፊውዳል ዘርና ጴንጤ በማኅበሩ መሬት አስቀበረ» ተብሎ ከሊቀመንበርነት ወረደ። ለሚሊሺያ ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ የተጻፈው የእሱ ስም ነው። ወደ ሰሜን ተላከ። ሄጄ እናቱን ማጽናናት ነበረብኝ። ፈራሁ። እኔን ሲያዩ ይብስባቸዋል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

የሄድኩት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። በመንደር ምሥረታ ጊዜ ቤቶቹ ተነሥተዋል። አደ ሻሹ ሞተዋል። ዝግባው ተቆርጦ ጉቶው እንኳ ተነቅሏል፤ ሁሉም በትራክተር የታረሰ የስንዴ ማሳ ነው። ወንዙ ብቻ አለ። ማሳው ዳር ቆሜ ከየት ብዬ እንደምቆጥር አጣሁ። እርምጃውም በእሱ እግር ነው። የከድር ዘመዶች ወዴት ሄዱ ብል አንዱ ሲሬ አለኝ፣ ሌላው ጢቾ አለኝ። ሁለቱም ቦታ ጠየቅኩ። አላገኘሁም።

ስለዚህ እጠይቃችኋለሁ። ከጭላሎ ሥር የነበረ፣ የአደ ሻሹ ልጅ፣ ከድር የሚባል፣ ረዥም፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። አብራችሁ የዘመታችሁ፣ ሲመለስ ያያችሁ፣ ወይም ቤተሰቡን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። አሰላ ገበያው ጀርባ የአናጺው ግርማ ቤት ብላችሁ ጠይቁ፤ ያሳዩአችኋል። በሕይወት ካለ ይምጣልኝ። ከሞተም የት እንደወደቀ፣ ማን አፈር እንዳለበሰው የምታውቁ ንገሩኝ።